ስፌቷ ያመረቀዘባት እህቴ ምን አጠፋች?

መምህር ከቢቸና

ጤና ይስጥልኝ። ይህን የምጽፈው ከሆስፒታል ግቢ፣ ከአስታማሚዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ታናሽ እህቴ የ22 ዓመት ልጅ ናት። ከጮቄ ግርጌ ወዳለች አንዲት ቀበሌ ተድራ ሄዳ የመጀመሪያ ልጇን በኦፕራሲዮን ከተገላገለች ዛሬ 13ኛ ቀኗ ነው። ሕፃኑ ደህና ነው፤ ይጠባል፣ ያለቅሳል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የእሷ ስፌት ግን አመርቅዞ ተከፍቷል።

የሚያውቅ ሰው የቱ ላይ እንደ ተበላሸ እንዲነግረኝ ነገሩን ከመጀመሪያው ላስረዳ። ሐሙስ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ እንሽርት ውሃዋ ፈሰሰ። ምጡ ገና ደካማ ስለ ነበር «የመጀመሪያ ልጅ ይቆያል» ተብሎ እቤት አደረች። ዓርብ ቀትር ላይ ጎረቤት ተጠርቶ በቃሬዛ ተሸክመዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ተጉዘው ጤና ጣቢያ አደረሷት። ምጡ አልገፋ ሲል ማታ በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ተላከች፤ ቅዳሜ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ኦፕራሲዮን ሆነች። በአራተኛው ቀን ወደ ቤቷ ተመለሰች። በስምንተኛው ቀን ብርድ ብርድ አላት፣ ራሷን አመማት። አያታችን «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ ጨምቀው አጠጧት። በአሥረኛው ቀን ቀሚሷ ረጥቦ ተገኘ፤ ሲታይ መግል ነው።

አሁን የሚያስጨንቀኝ ቁስሉ ብቻ አይደለም። ቤተሰቡ ሁሉ ጥፋተኛ ፍለጋ ላይ ነው። አማቷ «ሳይጠናላት ተነሥታ ውሃ ነካች» ይላሉ። እናቴ «በወጉ አላረሷትም» ብላ ከአማቷ ጋር ተኳርፋለች። ባሏ ሐኪሞቹን ይረግማል። ጎረቤት ደግሞ «ንጽሕናዋን አልጠበቀችም» ብሎ ያወራል። ይህ የመጨረሻው ወሬ ጆሮዋ ደርሶ ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ አደረች። እህቴ ምን አጠፋች? እውነቱን የሚያውቅ ይንገረኝ።


የሦስት ልጆች እናት፣ እንጅባራ

እንኳን ማርያም ማረቻት። ልጁም እሷም በሕይወት አሉ፤ ቁስል ይድናል። ወሬኛውን ከአልጋዋ አጠገብ አርቅልኝ ወንድሜ። እኔ ባለሙያ ስላልሆንሁ ሌላውን ለሚያውቁት እተወዋለሁ።


አዋላጅ ከሞጣ

ወንድሜ፣ ከሁሉ አስቀድሞ እህትህን «ምንም አላጠፋሽም» ብለህ ንገራት። በአዋላጅነት ስሠራ 14 ዓመቴ ነው፤ ቁስላቸው አመርቅዞ የተመለሱ ብዙ እናቶች አይቻለሁ። አብዛኞቹ የተጎዱት ወደ ቤታቸው ከመመለሳቸው በፊት በሆነው ነገር ነው።

ከሐሙስ ምሽት 4 ሰዓት እስከ ቅዳሜ ሌሊት 9 ሰዓት ቁጠር። 29 ሰዓት ነው። የእንሽርት ውሃው ከረጢት አጥር ማለት ነው። በሴት ብልት ውስጥ በጤና ጊዜም የሚኖሩ፣ ምንም የማይጎዱ ተሕዋስያን አሉ። አጥሩ እስካለ ድረስ ወደ ማኅፀን አይወጡም። ከረጢቱ ከተቀደደ በኋላ ግን መንገዱ ክፍት ነው፤ ሰዓቱ በረዘመ ቁጥር ወደ ላይ ይወጣሉ። ከ18 ሰዓት ሲያልፍ እኛ አዋላጆች እንሰጋለን፤ ለእናቲቱም መድኃኒት እንጀምራለን። በመጨረሻ ሐኪሙ ማኅፀኑን ሲከፍት ያ የተበከለ ውሃ በተቆረጠው ሥጋ ላይ ይፈስሳል። ቁስሉ ከመሰፋቱ በፊት ዘሩ ተዘርቷል ማለት ነው። ምልክቱ በስምንተኛው ቀን ስለ ታየ ነገሩ በስምንተኛው ቀን የጀመረ ይመስላል እንጂ መነሻው ያ ሌሊት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ነገር የማኅፀን በር ምርመራ ነው። ምጥ የያዛት ሴት በጣት ትመረመራለች፤ ይህ ግዴታ ነው፣ ያለ እሱ ምጡ መግፋቱን አናውቅም። ነገር ግን እያንዳንዱ ምርመራ ከታች ያለውን ተሕዋስ ትንሽ ወደ ላይ ይገፋዋል። የዓለም የጤና ድርጅት ምጡ እየሄደ ላለች ጤነኛ እናት በየ4 ሰዓቱ አንድ ጊዜ ይበቃል የሚለው ስለዚህ ነው። ፈረቃ ሲቀያየር፣ ተማሪ ሲመጣ፣ አንዱ የመዘገበውን ሌላው ሳያምን ሲቀር ግን አንዲት እናት ስድስትም ሰባትም ጊዜ ትነካለች። በ1847 እ.ኤ.አ. ቪየና ውስጥ ሴሜልዌይስ የተባለው ሐኪም ያስተዋለው ከዚህ ጋር የሚዛመድ ነው። ሐኪሞችና ተማሪዎቻቸው የሚያዋልዱበት ክፍል አዋላጆች ከሚያዋልዱበት ይልቅ ብዙ እናቶችን ይገድል ነበር። ተማሪዎቹ ሬሳ ከሚመረምሩበት ተነሥተው ወደ ወላዶች ይመጡ ስለ ነበር በክሎሪን ውሃ እጃቸውን እንዲታጠቡ አደረገ፤ ሞቱም ወዲያው አሽቆለቆለ። እኔ ለጀማሪዎቼ ይህን ታሪክ ሳልነግራቸው ጓንት አላስለብሳቸውም።

ሦስተኛው የደም ማነስ ነው። ደሟ ስንት ነበር? በእርግዝና ጊዜ ሄሞግሎቢን ከ11 በታች ከሆነ ደም አንሷታል እንላለን። ደም ያነሳት ሴት ቁስሏ የሚጠግንበት አየርና ተሕዋስን የምትከላከልበት አቅም ያንሳታል፤ በኦፕራሲዮኑ የሚፈስሰው ደም ደግሞ ይጨመርበታል። የብረት እንክብል ለነፍሰ ጡሮች ሁሉ እንሰጣለን፤ ሰገራ ያጠቁራል፣ ሆድ ያቅለሸልሻል ብለው ከትራስ ሥር የሚያኖሩት ብዙ ናቸው። ሻይና ቡና ከእንክብሉ ጋር ከተጠጣ ደግሞ ብረቱ ወደ ደም በቅጡ አይገባም።

እስኪ እነዚህን ሦስት ነገሮች ጠይቅና መልስልኝ፦ ስንት ጊዜ ተመረመረች፣ ደሟ ስንት ነበር፣ በእርግዝናዋ ክትትል ነበራት?


መምህር ከቢቸና

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ጠይቄያት መጣሁ። ጤና ጣቢያ ሦስት ሰዎች፣ እዚህ ስትደርስ ደግሞ አራት ሰዎች መርምረዋታል፤ ከዚያ በላይም ሳይሆን አይቀርም፣ በሕመሙ መካከል መቁጠሩን ትታዋለች። ካርዷ ላይ ሄሞግሎቢን 9 ይላል። ክትትል ሁለት ጊዜ ብቻ ሄዳለች፤ ከዚያ የአጨዳ ወራት ሆነና ቀረች። የብረት እንክብሉን ለአንድ ወር ያህል ወስዳ ሆዴን አሳመመኝ ብላ አቁማለች። «ታዲያ ጥፋተኛዋ እኔው ነኛ» አለችኝ። ምን እንደምመልስላት አላውቅም።


አዋላጅ ከሞጣ

እንክብሉ ሲያማት ሌላ ዓይነት እንዲቀየርላት ወይም ከምግብ በኋላ እንድትወስደው መንገር የእኛ የባለሙያዎቹ ሥራ ነበር። የአጨዳ ወራት መሆኑን አይቶ እቤቷ ድረስ መሄድም እንዲሁ። እንደ እሷ ያሉ ሴቶች ክትትሉን ሲያቋርጡ ባዶ ሆኖ የሚቀረው የእኔ መዝገብ ነው፤ እሷ ልታፍርበት አይገባም።


ቀዶ ሕክምና ባለሙያ፣ ምሥራቅ ጎጃም

እኔ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ ነኝ፤ ከደብረ ማርቆስ ብዙ በማይርቅ ሆስፒታል እሠራለሁ። የእህትዎን ቀዶ ሕክምና የሠራሁት እኔ አይደለሁም፣ ካርዷንም አላየሁም። ስለዚህ የምናገረው በጠቅላላው ነው። አዋላጇ እህታችን ያለችው ሁሉ ትክክል ነው። እኔ የቀዶ ሕክምና ክፍሉን ድርሻ ልጨምር፤ የእኛን ድርሻ ደብቆ ስለ እናቶች ብቻ ማውራት ስለማይገባ።

ከሁሉ የሚበልጠው የመድኃኒቱ ሰዓት ነው። እናቲቱ ቆዳዋ ከመቆረጡ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ጊዜ በደም ሥር አንቲባዮቲክ መውሰድ አለባት። ብዙ ጊዜ ሴፋዞሊን 2 ግራም ነው፤ እሱ ከሌለ አምፒሲሊን። ቢላዋው ሲያርፍ መድኃኒቱ ሥጋው ውስጥ ገብቶ መጠበቅ አለበት። ቀድሞ ለሕፃኑ ይደርሰዋል በሚል ስጋት እትብቱ ከታሰረ በኋላ ይሰጥ ነበር። ከመቆረጡ በፊት መስጠቱ እናቶችን ይበልጥ እንደሚጠብቅ፣ ሕፃናቱንም እንደማይጎዳ ከታወቀ ወዲህ ልማዱ ተቀይሯል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለአምስትና ለሰባት ቀን እንክብል ማስዋጥ የዚያን የአንዱን መርፌ ቦታ አይተካም። እናት ኢንፌክሽን ከሌለባት በቀር መድኃኒቱን መቀጠል እንደማያስፈልግም የዓለም የጤና ድርጅት ይመክራል።

ከዚያ ቀጥሎ የቀዶ ሕክምናው ርዝማኔ ነው። ከአንድ ሰዓት ሲያልፍ አደጋው ከፍ ይላል። እንደ እህትዎ ብዙ ያማጠች እናት የሕፃኑ ራስ በዳሌ አጥንት መካከል ጠልቆ ተቀርቅሮ ይገኛል፤ ሲወጣ ማኅፀኑ ይቀደዳል፣ ደም ይፈስሳል፣ መስፋቱ ይረዝማል። ያ የረዘመው ምጥ እንግዲህ ሁለት ጊዜ ይቀጣታል፤ አንድ ጊዜ በተሕዋሱ፣ አንድ ጊዜ በቀዶ ሕክምናው ርዝማኔ። ከእምብርት ወደ ታች ቀጥ ብሎ የሚቀደደውም ቁስል ከብልት ጠጉር በላይ አግድም ከሚቀደደው ይልቅ ያመረቅዛል፣ ይከፈታልም። ይሁን እንጂ ባለሙያ በቶሎ መግባት ሲኖርበት ቀጥ ያለውን ይመርጣል፤ የሁለት ሰው ሕይወት ይዞ ስለ ቁስሉ ውበት አያስብም።

ሌላም አለ። የእንግዴ ልጁን በእጅ ፈልቅቆ ከማውጣት እትብቱን በቀስታ ስቦ ማውጣት የማኅፀን ኢንፌክሽንን ይቀንሳል። ከመቆረጡ ጥቂት ቀደም ብሎ ብልትን በፖቪዶን አዮዲን ማጽዳት በተለይ እንሽርት ውሃቸው ለፈሰሰ እናቶች ይጠቅማል። ከቆዳው በታች ያለው ስብ ከ2 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር ከሆነ ለብቻው መሰፋት አለበት፤ አለዚያ ፈሳሽ ይጠራቀምበታል። ደግሞም ቤተሰቦች ይስሙኝ፦ እናቲቱን ወደ ሆስፒታል ስታመጡ በምላጭ አትላጯት። ምላጭ ለዓይን የማይታይ ቧጨራ ይተዋል፤ ተሕዋሱ እዚያ ይሰፍራል። ማሳጠር የግድ ከሆነ እኛው በመቀስ ወይም በማሽን እናሳጥራለን።

ስኳር ያለባቸው፣ ውፍረት ያላቸው፣ የደም ግፊት በእርግዝና የተነሣባቸው፣ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለና መድኃኒት ያልጀመሩ እናቶችም ይበልጥ ይጠቃሉ። እዚህ ከተማ ውስጥ ስኳሩና ውፍረቱ እየበዛ ነው፤ ከገጠር የሚመጡት ላይ የማየው ግን እንደ እህትዎ የረዘመ ምጥና የደም ማነስ ነው።

እህትዎ ብቻዋን የደረሰባት እንዳይመስላት። የዓለም የጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው በአፍሪካ በኦፕራሲዮን ከሚወልዱ እናቶች እስከ 20 ከመቶ የሚሆኑት ቁስላቸው ያመረቅዛል። ይህ ሁሉ ሴት ንጽሕና ስለማያውቅ አይደለም።


ባለ ሱቅ ከቡሬ

ባለሙያው ስለ መድኃኒቱ ሰዓት የጻፉትን ሳነብ ውስጤ ተቃጠለ። ያለፈው ዓመት ባለቤቴ ስትወልድ፣ የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፣ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ወረቀት ሰጡኝና «ይህን መድኃኒትና ጓንት ከውጭ ገዝተህ ና» አሉኝ። በጨለማ ከተማውን ዞርሁት። ሦስት መድኃኒት ቤት አንኳኩቼ አራተኛው ከፈተልኝ። ስመለስ ልጁ ተወልዷል። መድኃኒቱን ተቀብለው ከዚያ በኋላ ወጓት። በሰባተኛው ቀን ቁስሏ ተከፈተ። ከወር በላይ በየቀኑ ተጠርጎላታል። ለወላድ ሁሉ ነጻ ነው ይባላል፤ ነጻ ከሆነ መድኃኒቱ እዚያው መደርደሪያ ላይ መገኘት ነበረበት። ስለዚህ ጥፋቱን ወደ ቤተሰብ የምታዞሩት ሁሉ፣ እባካችሁ ይህንንም ጻፉት።


ቀዶ ሕክምና ባለሙያ፣ ምሥራቅ ጎጃም

ወንድሜ፣ የባለቤትዎ ሕመም ይሰማኛል። ያሉት ነገር እኔም ያየሁት ነው፤ መድኃኒት ያለቀበት ሌሊት አለ፣ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር እስኪነሣ ሆድ ተከፍቶ የቆምንበት ጊዜ አለ፣ የመሣሪያ መቀቀያው ተበላሽቶ ከሌላ ቦታ የተዋስንበትም አለ። እናቲቱ ወይም ሕፃኑ የሚሞት ሲሆን መድኃኒቱ እስኪመጣ አንጠብቅም፤ ያ ውሳኔ ትክክል ነው። መድኃኒቱ አለመኖሩ ግን ትክክል አይደለም። እኔ በክፍሌ ሦስት ጠርሙስ ለሌሊት ብቻ ተቆልፎ እንዲቀመጥ አስደርጌያለሁ። ለዚህ ብዙ ገንዘብ አላስፈለገም፤ አንድ ነርስ በየማታው መቁጠር ነበረባት፣ እሷም ታደርገዋለች። ሌላ ቦታ የምትሠሩ ባልደረቦቼ ይህን ሞክሩት።


እማማ፣ ከአማኑኤል

የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። ልጄ መምህር፣ አያትህን ሰው ሲወቅሳቸው እንዳልሰማ። ዳማከሴ እኛም ያደግንበት ነው። አራስ ሴት ፀሐይ ካያት ምች ይመታታል፣ ለዚህ ነው ከቤት የማናስወጣት፣ ብቻዋን የማንተዋት፣ ገንፎ በቅቤ የምናበላት፣ ብረት ከራስጌዋ የምናኖርላት። ይህ ሁሉ ፍቅር ነው። በእኛ ጊዜ ሦስት ቀን ያማጠች ሴት ሞታ ትቀበራለች፤ የእኔ እህት እንዲያ ሆና ነው የቀረችው። ዛሬ ተቀድዳ ትድናለች፤ እንኳን ለዚህ አበቃን።

ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ባለሙያዎቹ ይመልሱልኝ። ክርስትና ሳይነሣ፣ በአሥር ቀኗ፣ ትኩሳት ያላትን አራስ በመኪና ወስዶ ማንገላታት አይከፋባትም?


አዋላጅ ከሞጣ

እማማ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ብቻዋን አለመተዋ፣ ገንፎውና ቅቤው፣ ሥራ አለመሥራቷ፣ ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፤ እኛም ሆስፒታል ውስጥ ይህን የሚያደርግላት ሰው እንፈልጋለን። ቅቤውን ግን ትብላው እንጂ ቁስሉ ላይ አይቀባ።

በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት ትኩሳት ሲይዛት ግን ምች ነው ብሎ መጠበቅ ያስፈራኛል። ምች የምንለው ሕመም ብርድ ብርድ ይላል፣ ራስ ያማል፣ ሰውነት ይቆራርጣል። የቁስል ማመርቀዝም፣ የማኅፀን ኢንፌክሽንም፣ የጡት መመርቀዝም፣ የወባም አጀማመር ይኸው ነው። እርስዎም እኔም በዓይን ልንለየው አንችልም። ስለዚህ ዳማከሴውን ያሽቷት፣ በዚያው እጅዎ ግን ቀሚሷን ገለጥ አድርገው ስፌቱን ይዩልኝ። ቀልቶ፣ ሞቆ፣ ጠንክሮ ከተገኘ፣ ወይም ደግሞ የሚፈስሳት ደም ከሸተተ የዚያኑ ዕለት ትምጣ። ክርስትናውን አትጠብቁ። ጋቢ አልብሳችሁ፣ ነጠላ በፊቷ ላይ ጥላችሁ አምጧት፤ መንገዱ ከሚጎዳት የቤቱ ሁለት ቀን ይበልጥ ይጎዳታል።


ዲያቆን ከደጀን

ስለ ክርስትናው አንድ ቃል። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ፤ እናቲቱ እስከዚያ ቤተ ክርስቲያን አትገባም። ወደ ሐኪም መሄድን ግን የሚከለክል ሥርዓት የለም። ጠበልም ቢሆን ቤቱ ይረጭ፣ እሷም ትጠጣው፤ ያልጠገገ ቁስል ላይ አይፍሰስ። ጾም ቢደርስባት የነፍስ አባቷን ታማክር። እኔ የማውቃቸው ካህናት ሁሉ ደም ያነሳትን አራስ ወተትና እንቁላል ከልክለው አያውቁም።


እማማ፣ ከአማኑኤል

ተቀብያለሁ ልጄ። ቀሚሱን ገልጦ ማየቱ አልታሰበኝም ነበር፤ ነውር ይመስለን ነበር። ለሴቶቹ ማኅበራችን እነግራለሁ።


ነርስ፣ ከባሕር ዳር

እማማ ያነሡትን ልቀጥል። እኔ የምሠራው ወላዶች በሚተኙበት ክፍል ነው። ብዙው ቁስል የሚያመረቅዘው እናቶቹ ከእጃችን ከወጡ በኋላ፣ ከአራተኛው እስከ አሥረኛው ቀን ድረስ ነው። ከ30 ቀን በፊት ከታየ የቀዶ ሕክምናው ቁስል ኢንፌክሽን ብለን እንመዘግበዋለን። እኛ በምንሸኛቸው ቀን ቁስሉ ደረቅና ንጹሕ ነው፤ እሱን አይተን ብቻ «ደህና ሁኚ» ማለት ስለማይበቃ ለእያንዳንዷ እናትና አብሯት ለመጣው ሰው የምነግራቸውን እዚህ ልድገም።

ፋሻው ከተነሣ በኋላ፣ ማለት ከሁለት ቀን በኋላ፣ ገላዋን በንጹሕ ውሃና በሳሙና መታጠብ ትችላለች፤ መታጠብም አለባት። «ውሃ ነካች» የሚለው ክስ ትክክል አይደለም። ሳሙናው በስፌቱ ላይ ይውረድ፣ አትፈትገው፣ በንጹሕ ፎጣ እየተጫነች ታድርቀው። የሚጎዳው እርጥብ ሆኖ መዋሉ ነው፤ በተለይ ሆዷ ተጣጥፎ ስፌቱን የሚሸፍንባት ሴት ከእጥፋቱ ሥር ንጹሕ ጨርቅ ታድርግ። የውስጥ ሱሪዋ ላስቲክ ስፌቱ ላይ አይረፍ።

አንድ ልማድ በጣም ያሳስበኛል። ካፕሱል ፈትተው ዱቄቱን ቁስል ላይ የሚነሰንሱ አሉ። ቴትራሳይክሊንም ሆነ አምፒሲሊን፣ ዱቄቱ ቁስሉ ላይ ደርቆ ቅርፊት ይሠራል። ከላይ የዳነ ይመስላል፤ ከሥሩ መግሉ እየጠለቀ ይሄዳል። እኔ ራሴ እንዲህ ያለውን ቅርፊት ስናነሣ ከሥሩ የወጣውን መግል አልረሳውም።

ሕመሙ ከቀነሰ በኋላ ተመልሶ ከጨመረ ንቁ። ይህ ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ ምልክቶች ቀድሞ ይመጣል፤ እናቲቱም ቀድማ የምታውቀው እሷው ናት። ቅላቱ እየሰፋ ሲሄድ፣ ከስፌቱ መግል ወይም ውሃ ሲወጣ፣ ትኩሳቷ 38 ሲደርስ፣ ሲሸት፣ አትዘግዩ። ቆዳው ከጠቆረ ወይም ሕመሙ ከሚታየው ቁስል በላይ ከሆነባት ሌሊትም ቢሆን ውሰዷት፤ ሥጋን እየበላ በሰዓታት የሚዛመት ዓይነት አለና።


ፋርማሲስት፣ ፍኖተ ሰላም

በየሳምንቱ አንድ ባል መጥቶ «ለአራስ የሚሆን የቁስል መድኃኒት» ይለኛል። አልሸጥለትም፤ ይቆጣኛል። ምክንያቴ ይህ ነው። መግል የያዘ ቁስል መከፈት፣ መታጠብ አለበት። እንክብል ብቻውን መግሉ ውስጥ በቅጡ አይገባም። ትኩሳቱን ለሁለት ቀን ያበርድና ሰውን ያታልላል፤ ከዚያም ተሕዋሱ መድኃኒቱን ለምዶ ይነሣል። ሐኪሙ መድኃኒት ካዘዘላት ግን ጡት ማጥባቷን አታስቁሟት። ለወላዶች የሚታዘዙት አብዛኞቹ መድኃኒቶች ከማጥባት ጋር ይስማማሉ፤ የምታጠባ መሆኗን ብቻ ንገሯቸው።


የዳንግላ እናት

እስካሁን ዝም ብዬ አነበብሁ። እኔም እንደ እህትህ ነበርሁ፤ ልጄ አሁን አምስት ዓመቱ ነው።

የሚያመው ቁስሉ ብቻ አይደለም። ሽታው ነው። ልጁን ሳቅፈው የሚሸተው እየመሰለኝ ፊቴን አዞር ነበር። ሊጠይቁኝ የሚመጡት ሴቶች አፍንጫቸውን በነጠላ ሲይዙ አይ ነበር፤ ብርድ ስለሆነ ይሆናል፣ እኔ ግን በራሴ ተረጎምሁት። ማንም «ያንቺ ጥፋት አይደለም» ያለኝ አልነበረም። ለእህትህ ይህን አንብብላት።

ቁስሌ አልተሰፋም። በየቀኑ በጨው ውሃ እያጠቡ በጎዝ እየሞሉ ከሥር ወደ ላይ እንዲሞላ አደረጉት። መጀመሪያ እጄን የሚውጥ ይመስለኝ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ቀይ ሆነ፤ ነርሷ «ቀይ ሲሆን ደስ ይበልሽ» አለችኝ። በሁለት ወር ገደማ ዘጋ። ጠባሳው ሰፊ ነው።

ለሁለተኛው ልጄ ሦስት ዓመት ጠበቅሁ። አንድ ጊዜ የተቀደደ ማኅፀን እቤት ማማጥ እንደሌለበት ነግረውኝ ስለ ነበር ቀኔ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው በእናቶች ማቆያ ቤት ገባሁ። ቡና ይፈላል፣ ገንፎ ይገነፋል፣ የሌላ ሰው ሴት እህት ትሆናለች። ምጤ ሲጀምር ከአልጋዬ እስከ ማዋለጃው ሃምሳ እርምጃ አይሆንም። መርፌውን ከመቀደዴ በፊት ሲወጉኝ ራሴ አየሁ። ቁስሌ በአሥር ቀን ደረቀ። በአንድ ሰውነት ሁለት ጊዜ ተቀድጃለሁ፤ አንዱ አመረቀዘ፣ አንዱ ዳነ። የንጽሕናዬ ነገር በሁለቱም አንድ ነው።


መምህር ከቢቸና

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ዛሬ 16ኛ ቀኗ ነው። ትኩሳቱ ለቋታል። ቁስሉ በየቀኑ እየታጠበ ነው፤ ሐኪሙ «ሲጠራ እንደገና እንሰፋው ይሆናል፣ ካልሆነም ራሱ ይሞላል» አለን። አንድ ከረጢት ደምም ተሰጥቷታል።

የዳንግላዋ እናት የጻፈችውን አነበብሁላት። ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ሦስተኛ ጊዜ ራሷ አነበበችው። ከዚያ እናቴና አማቷ ባሉበት የአዋላጇን ጽሑፍ ጀመርሁ። 29 ሰዓት የሚለው ላይ ስደርስ አማቷ አቋረጡኝና «ሐሙስ ማታ እንሂድ ብላኝ ነበር፤ ሌሊት ነው፣ መንገዱ ገደል ነው ብዬ ያስቀረኋት እኔ ነኝ» አሉ። ማንም አልተናገረም። ገደል መሆኑ እውነት ነው፤ እኔም በቀን የምፈራው መንገድ ነው። እናቴ ተነሥታ አጠገባቸው ሄዳ ተቀመጠች፤ ከተኳረፉ ወዲህ አብረው ምሳ ሲበሉ ያየሁት ዛሬ ነው።

ባሏ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ተነጋግሯል፤ ስንመለስ ቁስሉን በየቀኑ ጤና ጣቢያ የምታስጠርግበት በቅሎ ከአጎቱ ተውሷል። እንክብሉን ደግሞ በሌላ ዓይነት ቀይረውላታል።

አንድ ጥያቄ እሷ ራሷ ጠይቅልኝ ብላኛለች፦ ልጁን አቅፋ ስታጠባው እግሩ ቁስሉን ይመታዋል። ምን ታድርግ?


ነርስ፣ ከባሕር ዳር

በጎኗ ተኝታ ታጥባው፤ ልጁም በጎኑ ወደ እሷ ዞሮ ይተኛ፣ ከጀርባው የተጠቀለለ ጋቢ አድርጉለት። መቀመጥ ስትፈልግ ደግሞ ትራስ በጎኗ ታድርግና ልጁን በብብቷ ሥር፣ እግሩ ወደ ጀርባዋ እንዲሆን አድርጋ ትያዘው። እግሩ ቁስሉ ጋ አይደርስም። መጀመሪያ ቀን እናትሽ ታግዝሽ በላት፤ በሁለተኛው ቀን ብቻዋን ትችለዋለች።